«አፕታውን ፈንክ»ን ያለ ብራስ ስንጫወተው ለምን ይለሰልሳል?

ኪቦርድ_ከፈረንጅ_አራዳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ ጅማ የምንጫወት አነስተኛ ባንድ ነን፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ እኔ የምጫወተው ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ብቻ አለን። በሰርግና በሆቴል ምሽቶች የምናቀርባቸው ሥራዎች አብዛኞቹ የአገራችን ዘፈኖች ቢሆኑም፣ ወጣቶች በሚበዙበት ዝግጅት ሁሉ የብሩኖ ማርስን «አፕታውን ፈንክ» ተጫወቱልን የሚል አይጠፋም። ስናጠናው ቀላል መስሎን ነበር፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዲ ማይነር ሰቨንና ጂ ሰቨን የተባሉ ሁለት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ይፈራረቃሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድረክ ላይ ስናወጣው ግን ልፍስፍስ ይልብናል። ኖታው ትክክል ነው፣ ድምፃዊያችንም ቃላቱን አሳምሮ ይዟል፤ ሆኖም ለመጨፈር የተነሣው ሰው ብዙ ሳይቆይ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ምክንያቱ ትራምፔትና ሳክስፎን፣ ማለትም ብራስ፣ ስለሌለን ይመስለኛል፤ ቤዝ ተጫዋቻችን ግን ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ኪቦርድ ላይ ያላክካል። በተጨማሪ፣ ዘፈኑ የድሮ ፈንክ (ምቱ ጠንከር ያለ የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ) ቅጂ ነው ሲባል እሰማለሁና እውነት ከሆነ ዋናዎቹን ማድመጥ ይጠቅመን እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ቤዝ_ሄርማታ

የቤዝ ተጫዋች ለቤዝ ተጫዋች ያደላል እንዳይሉኝ እንጂ፣ ጓደኛዎ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ስንኞቹ በሚዘፈኑበት ክፍል ብራሱ እጅግም አይሰማምና የብራስ አለመኖር ብቻውን ዘፈኑን እዚያ ላይ ሊያለሰልሰው አይችልም። መግቢያውን ልብ ብለው ያድምጡት፤ የቤዙን መስመር መጀመሪያ የሚያሰማው ቤዝ ጊታር ሳይሆን የሰው አፍ ነው፤ ቀጥሎ ጭብጨባና አንድ ቀጭን ጊታር ይገባሉ፣ ሌላው ቦታ ባዶ ነው። እናንተ ግን፣ ሳልሰማችሁ በግምት ልናገርና፣ ኪቦርዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ኮርድ ይዞ ይቆያል፣ ድራሙም ሃይሃቱን (ጥንዱን ሲምባል) እያርከፈከፈ የተገኘውን ክፍተት ሁሉ ይሞላል። ክፍተቱ ከተሞላ ፈንኩ የት ይቀመጣል?

በፈንክ ውስጥ ከአራቱ ምቶች ትልቋ አንደኛዋ ናት። የፈንክ ፈር ቀዳጅ የሆነው አሜሪካዊው ድምፃዊ ጄምስ ብራውን ሙዚቀኞቹን ሲያሠራ አጥብቆ ይፈልግ የነበረው ባንዱ በሙሉ አንደኛዋ ምት ላይ አንድ ላይ እንዲወርድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተጫዋች በየራሱ መንገድ ቢሄድም አድማጩ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። የእኛ ድራመሮች እጃቸው የተገራው በችክችካ ነው፤ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ እየተንከባለለ የሚሄድ፣ ውበቱም በማያቋርጥ ፍሰቱ ላይ የሆነ ምት በመሆኑ፣ ያንኑ እጅ ይዘው ወደ ፈንክ ሲገቡ ሁሉንም ምት እኩል ያደርጉታል። ድራመራችሁ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) አንደኛዋ ላይ ጠበቅ አድርጎ ይምታ፣ ስኔሩን (ጠፍ የሚለውን ትንሹን ከበሮ) ሁለተኛዋና አራተኛዋ ላይ ያስቀምጥ፣ ጌጡን ለጊዜው ይተወው።

ቤዙ ኖታውን ስለ መምታቱ ብቻ ሳይሆን መቼ ስለ ማቆሙም ይጨነቅ። ከመታ በኋላ የግራ እጁን ጣት ከክሩ ላይ ሳያነሣ ላላ ቢያደርገው ድምፁ ቁርጥ ይላል፤ ያቺ ቁርጥ ያለች ዝምታ የኖታውን ያህል ትቆጠራለች። ጊታሪስቱም ቀኝ እጁን እንደ ወንፊት ያለ ማቋረጥ ያመላልስ፣ ግራ እጁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክሮቹን ሳይጫን አፍኖ ይያዝ፤ ጭክ ጭክ የሚለው የታፈነ ድምፅ ራሱ የምቱ አካል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ 115 ምት ያህል ነው። አዳራሹ ሲደምቅ ሳይታወቅ ወደ 125 መውጣት የሰርግ ባንዶች ሁሉ በሽታ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ቅድም ያልኩት ዝምታ ቦታ አያገኝም።

ሸክላ_ሰብሳቢ

ለሁለተኛው ጥያቄ ልመልስ። በመጀመሪያ፣ ሁሉም የብሩኖ ማርስ ይለዋል እንጂ ነጠላ ዜማው በስሙ የወጣው ለእንግሊዛዊው ፕሮዲዩሰር ማርክ ሮንሰን ነው፤ ብሩኖ ማርስ በተጋባዥነት ዘፍኖበታል፣ ድራም ከመቱትም አንዱ እሱ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ወጥቶ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ለ14 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፣ በ2016ም የዓመቱ ምርጥ ቀረጻ ተብሎ የግራሚ ሽልማት አገኘ።

ቅጂ ነው የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በ1979 ጋፕ ባንድ የተባለው የአሜሪካ ቡድን ካወጣው አንድ ዘፈን ጋር ያለው ተመሳሳይነት ጥያቄ አስነሥቶ፣ በ2015 የዚያ ዘፈን ደራሲዎች በ«አፕታውን ፈንክ» ደራሲነት ከነድርሻቸው እንዲመዘገቡ ተደርጓል። ጊዜው ራሱ ይናገራል፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የሟቹ ድምፃዊ የማርቪን ጌይ ቤተሰቦች ዘፈኑን ቀድታችኋል ብለው በድምፃውያኑ በሮቢን ቲክና በፋሬል ዊልያምስ ላይ ባቀረቡት ክስ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ዳኞች ለቤተሰቡ ስለፈረዱ፣ የሙዚቃ ኩባንያዎች ሁሉ ደንግጠው ነበር። በእኔ አስተያየት ዘፈኑን ቅጂ ማለት ያበዛዋል፤ ዘዬው የሁሉም ነው፣ ዜማው ግን የባለቤቱ ነውና ስማቸው መመዝገቡ ተገቢ ነበር። እኛ ዘንድ የሰው ዜማ ወስዶ «የሕዝብ» ብሎ ሽፋን ላይ መጻፍ እንዴት እንደሚዘወተር እያየን እነሱን ለመውቀስ ብዙም አፍ የለንም።

ዋናዎቹን ያድምጡ ወይ ላሉት፣ አዎን። የጄምስ ብራውንን ባንድ ለአንደኛዋ ምት፣ ጋፕ ባንድን ለቤዙና ለኅብረት ድምፁ፣ ዛፕ የተባለውን የአሜሪካ ፈንክ ቡድን ደግሞ ለሲንተሳይዘር አጠቃቀሙ ያድምጡ። ለኪቦርድ ተጫዋች ከሁሉም የሚጠቅመው ዛፕ ይመስለኛል።

ጡረተኛ_ትራምፔት

ወንድሜ፣ ዋናውን ለመስማት አሜሪካ ድረስ መሄድህ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን እኛም ቤት ይኸው ነገር ይሠራ ነበር። ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣው ዓለማየሁ እሸቴ የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን የተባለው በከንቱ አይደለም። አያሌው መስፍን ከብላክ ላየን ባንድ ጋር የሠራቸውን ሸክላዎች ብትሰማ፣ ጊታሩና ቤዙ ያ የቤዝ መምህርህ የነገረህን ሁሉ ሲያደርጉ ታገኛለህ፤ ዜማው ግን የእኛ ቅኝት ነው። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ መንገዱ ወደ ጃዝ ያደላ ቢሆንም፣ በ1972 በፈረንጅ አቆጣጠር ኒውዮርክ ውስጥ ባስቀረጸው አልበም ላይ ቤዙ እንዴት ቦታ እየለቀቀ እንደሚሄድ አድምጥ።

ብራስ ለምን እንደሌላችሁ ደግሞ ታሪክ አለው። በእኛ ዘመን ትራምፔትና ሳክስፎን የሚያስተምሩት ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት ነበሩ፤ የማታ ክበቦቹም ነፋሾቻቸውን ያገኙ የነበረው ከነሱ ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሥራ ሲያቀዘቅዘው፣ ኋላም ኪቦርድ ሲመጣ፣ አንድ ሰው የሦስትና የአራት ነፋሾችን ደመወዝ አስቀረ። እኔ ኪቦርድን አልጠላም፤ ግን ኪቦርድ ትንፋሽ ስለማያጥረው ዝም ማለት አይችልበትም። ነፋሽ መተንፈስ አለበት፣ ሲተነፍስም ሙዚቃው አብሮት ይተነፍሳል።

ስለዚህ ቤዝ ሄርማታ ባለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በዚህ ዘፈን እንደ ሌላው ዘፈን የሚዘፈን ትልቅ አዝማች የለም፤ ግለቱ እየጨመረ መጥቶ ጣሪያ ላይ ሲደርስ የሚፈነዳው ብራሱ ነው። ሰው የሚጠብቀው እሱን ነውና እዚያ ቦታ ላይ ቀጭን ድምፅ ካገኘ ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ አይፈረድበትም።

ኪቦርድ_ከፈረንጅ_አራዳ

ጋሼ፣ ስለ ምክርዎ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌሎቻችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ልምምድ ላይ በስንኞቹ ክፍል እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቼ ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ድራመራችን «ተበላሸብህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ቤዝ ተጫዋቻችን ግን ከልቡ ሳቀ። ልዩነቱ ወዲያው ተሰምቷል። የቀረኝ ብራሱ የሚፈነዳበት ቦታ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ያለውን የብራስ ድምፅ ስመርጥ የመኪና ጥሩምባ ይመስልብኛል። ነፋሽ እስክናገኝ ድረስ ምን ላድርግ?

ጡረተኛ_ትራምፔት

ሙሉ ኮርድ አትያዝ። ነፋሾች አንዲቱን ዜማ በኅብረት ይነፋሉ እንጂ አሥር ጣት የላቸውም፤ አንተም ዜማዋን በቀኝ እጅህ፣ ያችኑ በግራ እጅህ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገህ ተጫወታት። እያንዳንዱን ኖታ አጭር አድርገው፤ አንድ ሐረግ ስትጨርስ አንተ ራስህ በአፍንጫህ አየር ሳትስብ ወደሚቀጥለው አትለፍ። ድምፅ የማራዘሚያውን ፔዳል ከእግርህ ሥር አርቀው።

ቤዝ_ሄርማታ

በጋሼ እርማት እስማማለሁ፤ አንድ ብቻ ልጨምር። ጊታሪስታችሁ ያችኑ የብራስ ዜማ ከእርስዎ ጋር በአንድ ላይ ቢመታት ድምፁ ይወፍራል፣ የጥሩምባውም ስሜት ይቀንሳል። ዜማ መጨመር ካማራችሁም ከዲ የተነሣ የባቲ ማይነር ቅኝት በሁለቱም ኮርዶች ላይ ሳይጣላ ይቀመጣል፤ የጅማ ታዳሚም ጆሮው ስለሚያውቀው አይደናገርበትም። ብቻ ባንዱ በሙሉ ቆሞ ድምፃዊው ብቻውን የሚናገርበት ቦታ ላይ ማንም ምንም እንዳይነካ፣ ድራመሩንም አደራ ይበሉልኝ።