የዕቅድ ውይይት፦ የማይክሮሰርቪስ ግንኙነቶችን በካርታ ለማየት የሚቀርብ የጋራ ፕሮፖዛል

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ አመራሩ የምናቀርበውን ፕሮፖዛል እዚሁ አብረን እንጨርሰው። ረቂቁ ማህበሩ ኢስቲዮ የተጫነበት የመለማመጃ ክላስተር (የሰርቨሮች ስብስብ) እንዲያቋቁምና የአገልግሎቶቹን ግንኙነት በኪያሊ፣ ማለትም ማን ማንን እንደሚጠራ በካርታ በሚያሳይ መሣሪያ፣ እንድናይ ይጠይቃል። ኢስቲዮ በማይክሮሰርቪሶች፣ ማለትም አንድ ሲስተም በተከፋፈለባቸው ትንንሽ አገልግሎቶች፣ መካከል ያለውን ጥሪ የሚያስተዳድር «ሜሽ» የሚባል ሶፍትዌር ነው። አባላት ከየመሥሪያ ቤታቸው የካርታ ስክሪንሾት ይዘው እንዲመጡም ይላል። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ አብዛኞቻችን ጋ ያለው የአርክቴክቸር ሥዕል በእጅ የተሠራ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ሲስተም ሲወድቅ ማን ማንን እንደሚጠራ ሰው እየደወልን ነው የምንጠይቀው።

የመሠረተ ልማት ባለሙያ
እደግፋለሁ። ግን ካርታው ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ይጻፍ። ኪያሊ ራሱ ምንም አይለካም። ከእያንዳንዱ ፖድ (አገልግሎቱ ከሚሠራበት ክፍል) ጋር ያለው ኢንቮይ የሚባል አስተላላፊ የሚያልፈውን ጥሪ ይቆጥራል፣ ፕሮሜቲየስ የሚባለው የመለኪያ መሰብሰቢያ ቁጥሩን ይሰበስባል፣ ኪያሊ የላኪና የተቀባይ ስም አይቶ መስመር ያሰምራል። ጥሪ ከሌለ መስመር የለም ማለት ነው። ሲከፈት የሚያሳየው ያለፈውን 1 ደቂቃ ስለሆነ፣ ሌሊት ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ማስታረቂያ ቀን ላይ አይታይም። ይህን ያላወቀ ሰው «የሚጠቀምበት የለም» ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። የጊዜውን ክልል ማስፋት በልምምዱ ውስጥ ይግባ።

የክፍያ ሲስተም አልሚ
አገልግሎቶች መልእክት የሚለዋወጡበትን ካፍካንም ጨምሩልኝ። እኛ ጋ ብዙው ነገር የሚሄደው በመልእክት ነው። ካርታው ላይ ሁሉም ወደ ብሮከሩ (መልእክቱን ተቀብሎ ወደሚያስቀምጠው የካፍካ ሰርቨር) የሚሄድ የቲሲፒ፣ ማለትም የተራ ኔትወርክ ግንኙነት፣ መስመር ሆኖ ይታያል እንጂ የላክሁትን መልእክት ማን እንደሚያነበው አይነግረኝም። ለኛ ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

አስተባባሪ
ተይዟል። «ካርታው የማያሳየው» የሚል ክፍል ከፍቻለሁ።

የደኅንነት ባለሙያ
በስክሪንሾቱ አልስማማም። በአንድ ሥዕል የአገልግሎቶች ስም፣ ዳታቤዙ ያለበት ቦታ፣ ኤምቲኤልኤስ (ሁለቱም ወገኖች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ምስጠራ) የሌለው መስመር፣ ሁሉም ይነበባል። ይህ ለአጥቂ መንገድ መጠቆም ነው። ለልምምዱ የኢስቲዮ ናሙና አፕሊኬሽን የሆነው ቡክኢንፎ ይበቃል። ኪያሊም ለማየት ብቻ ተፈቅዶ ይከፈት።

የመሠረተ ልማት ባለሙያ
ከእህታችን ጋር ነኝ። ቡክኢንፎ ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅ። ፕሮዳክትፔጅ የሚባለው አገልግሎቱ ዲቴይልስና ሪቪውስ የሚባሉትን ይጠራል። ሪቪውስ 3 ስሪት አለው፤ ስሪት 1 ሬቲንግስ የሚባለውን አገልግሎት አይጠራም፣ 2 እና 3 ይጠራሉ። ካርታውን በሰርቪስ ደረጃ ስታዩት ይህ ልዩነት ይጠፋል፤ በስሪት ስትከፍሉት ከስሪት 1 ወደ ሬቲንግስ የሚሄድ መስመር እንደሌለ ወዲያው ታያላችሁ።

ቀጥሎ በኢስቲዮ ሰነድ ላይ ያለውን የ7 ሰከንድ መዘግየት በሪቪውስና በሬቲንግስ መካከል እናስገባ። ሪቪውስ እስከ 10 ሰከንድ ስለሚጠብቅ ይችለዋል። ፕሮዳክትፔጅ ግን ሪቪውስን 3 ሰከንድ ጠብቆ አንዴ ደግሞ ይሞክርና በጠቅላላው በ6 ሰከንድ ተስፋ ይቆርጣል። ተጠቃሚው የሚያየው የሪቪው ክፍል መጥፋቱን ነው፣ መዘግየቱ ግን ያለው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። ካርታው የት አካባቢ እንደምንፈልግ ይጠቁመናል፤ ጥሪው በስንተኛው ሰከንድ የት እንደተቋረጠ የምናነበው ግን ከትሬስ፣ ማለትም አንድ ጥሪ በየአገልግሎቱ ያለፈበትን መንገድና ጊዜ ከሚያሳይ መዝገብ፣ ነው።

የክፍያ ሲስተም አልሚ
ይህ ምሳሌ እንዳለ ይግባ! ትሬስም ይካተት ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ይሰመርበት፦ ሜሹ ብቻውን የተሟላ ትሬስ አይሰጥም። አፕሊኬሽኑ የደረሰውን የትሬስ ሄደር (ከጥሪው ጋር የሚመጣ መለያ) ወደሚቀጥለው ጥሪ ካላሻገረ ሰንሰለቱ ይቆራረጣል። ይህ ኮድ የሚጽፈው ሰው ሥራ ስለሆነ ሥልጠናው ለኦፕሬሽን ሰዎች ብቻ መሆን የለበትም።

አዲስ አባል
ይቅርታ፣ ሳይድካር፣ ያ ከየፖዱ ጋር ያለው ኢንቮይ፣ ሜሞሪ ይበላል ይባላል። ለምን ያለ ሳይድካር በሚሠራው የኢስቲዮ አሠራር፣ በአምቢየንት፣ አንጀምርም?

የመሠረተ ልማት ባለሙያ
ተገቢ ጥያቄ ነው ወንድሜ። አምቢየንት ከ2024ቱ 1.24 ስሪት ጀምሮ ለመደበኛ ሥራ ዝግጁ ነው፣ ሜሞሪም ይቆጥባል። ነገር ግን በአምቢየንት የሳይድካርን ቦታ በየሰርቨሩ የሚይዘው ዚተነል ብቻውን የሚያሳየው የቲሲፒ ግንኙነትን ነው፤ የኤችቲቲፒ (የድር ጥሪዎች) ስህተቶችን ለማየት ዌይፖይንት የሚባል ተጨማሪ አስተላላፊ መጨመር ይፈልጋል። ለመጀመሪያው ዙር ሳይድካር ይቅለለን፣ አምቢየንትን በሁለተኛው እናምጣው።

አስተባባሪ
እንግዲህ የተስተካከለው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ማህበሩ በቡክኢንፎ የሚሠራ የመለማመጃ ክላስተር ያቋቁም፤ አባላት ካርታውንና ትሬሱን ጎን ለጎን ማንበብ ይለማመዱበት። የአባላት መሥሪያ ቤቶች መረጃ አይገባበትም። ካርታው የማያሳያቸው ነገሮች በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይነገራሉ።» ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ይጻፍ። የሰርቨሩ ሜሞሪና ወጪ ገና አልተሞላም፤ የመሠረተ ልማቱ ባለሙያ እስከዚያው ያሰላልን።