ለጀማሪ የከባድ መኪና ሹፌር፦ የሲቢ ሬዲዮ ቁጥሮችን ከየትኞቹ ልጀምር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዴን በቅርቡ አግኝቼ፣ ኢንተርስቴት 80 የተባለውን የአሜሪካ አውራ ጎዳና ይዤ ከኔብራስካ ወደ ዩታ ጭነት ማመላለስ ከጀመርሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። አገር ቤት ሳለሁ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ እነዳ ነበር፤ በዚያ ከፊት የሚመጣው ሹፌር መብራት ሲያበራልን ወይም እጁን ሲያወዛውዝ ነገሩ ይገባን ነበር። እዚህ ግን ሲቢ የሚባለው ሹፌሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ይናገራል፣ እኔም ከሚባለው ግማሹን እንኳ አልይዘውም። ባለፈው ሳምንት ዋዮሚንግ ውስጥ አንድ ሰው «ቴን ሰርቲ ስሪ» (10-33) እያለ ደጋግሞ ሲጣራ ሰምቼ፣ ትርጉሙን ስላላወቅሁ በዚያው ፍጥነት ቀጠልሁ፤ ጥቂት እንደሄድሁ መንገዱን የዘጉ ሁለት የተጋጩ መኪናዎች አጠገብ በጭንቅ ቆምሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በሬዲዮው በመልእክት ፈንታ የሚነገሩትን የእነዚህን ቁጥሮች ረጅም ዝርዝር በሙሉ በቃሌ ልያዝ ወይስ የሚቀድም አለ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ዝርዝሩን በሙሉ መያዝ አያስፈልግህም፤ በሥራዬ ላይ በየዕለቱ የምሰማቸው ከአምስት አይበልጡም። 10-4 ማለት ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛል ነው። 10-9 ድገምልኝ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው ለሚፈጥንብን ለእኛ ከሁሉም የሚጠቅመው እርሱ ስለሆነ ለመናገር አትፈር። 10-20 ያለህበት ቦታ ሲሆን፣ ሹፌሮች አሳጥረው «ትዌንቲህ (ሃያህ) የት ነው» ይላሉ። 10-7 ሬዲዮውን ዘግቼ ወጥቻለሁ ማለት ነው። 10-33 አንተ የሰማኸው ነው፦ የአደጋ ጥሪ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ መስመሩን መልቀቅ አለበት።

«ቴን» (ዐሥር) ከፊት ለምን እንደገባ ማወቅም ይረዳል። ቁጥሮቹን እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ያዘጋጀው የኢሊኖይ ግዛት ፖሊስ የመገናኛ ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ሆፐር ነው። የዚያ ዘመን ሬዲዮ የመናገሪያ ቁልፉ ሲጫን ኃይል እስኪያገኝ ጥቂት ይዘገይ ስለነበር የመጀመሪያው ድምፅ ይቆረጣል፤ «ቴን» ቢቆረጥም ዋናው ቁጥር እንዲተርፍ ታስቦ ነው። ዛሬም ቁልፉን ተጭነህ አፍታ ሳትቆይ ከተናገርህ የመጀመሪያው ቃልህ ሊጠፋ ይችላል።

መልስ 2፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን እኔን በመጀመሪያው ዓመት ያስቸገረኝ ከቁጥሩ ይልቅ የመንገዱ ቋንቋ ነበር። «ድብ» ሲሉ ፖሊስ ማለታቸው ነው፤ «አሊጌተር» መንገድ ላይ የወደቀ የተበጣጠሰ ጎማ ነው፤ «የዶሮ ቤት» የሚዛን ጣቢያ ነው፤ «ሀመር ሌን» የግራው የፍጥነት መስመር ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በመንገዱ ዳር የተተከሉትን የማይል ቁጥር ምልክቶች አጥና። ማስጠንቀቂያ የሚነገረው «በምዕራብ አቅጣጫ፣ ማይል 255» እየተባለ ነው። እንደ 80 ባሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚዘረጉ፣ ቁጥራቸው ለሁለት እኩል በሚካፈል ኢንተርስቴቶች ላይ የማይሉ ቁጥር ከግዛቱ ምዕራባዊ ድንበር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይጨምራል፤ አዲስ ግዛት ስትገባም እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ዋዮሚንግ ውስጥ ከላራሚ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሮውሊንስ ስትነዳ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንተ 280 ላይ ሆነህ 255 ከተባለ አደጋው ሃያ አምስት ማይል ከፊትህ ነው፣ 300 ከተባለ ግን አልፈኸዋል። ያን ዕለት ቁጥሩ ባይገባህ እንኳ የማይሉን ቁጥር ብትይዝ ኖሮ ፍጥነትህን በጊዜ ትቀንስ ነበር።

መልስ 3፦
ስለ ዕቃው ልጨምር። ቻናል 19 የሹፌሮች ነው፣ ቻናል 9 ለአደጋ ጊዜ የተለየ ነው። ፈቃድ አያስፈልግም፤ በተለመደው የኤኤም ሥርጭት የተፈቀደው ኃይል ግን 4 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ማጉያ ግዛ የሚሉህን አትስማ፤ ሕገ ወጥ ነው። ድምፅ የሚጠፋብህ ብዙውን ጊዜ አንቴናው ስላልተስተካከለ ነው፤ በትራክ ስቶፕ (በከባድ መኪና ማረፊያ) ያሉ የሲቢ ሱቆች በመሣሪያ ለክተው ያስተካክሉልሃል።

ጠያቂ፦
ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፌ ከመሪው በላይ ለጥፌአለሁ። ትናንት ቼየን አካባቢ አንድ ሹፌር በፍጥነት ሲናገር 10-9 ብዬ ጠየቅሁት፣ ቃል በቃል ቀስ ብሎ ደገመልኝ፤ በቀኝ መስመር ላይ፣ በማይል 342 አሊጌተር እንዳለ ነበር የሚነግረኝ።