ስኩተር ይዞ ወደ በርሊን? ከኮዬ ፈጬ የመጣ ጥያቄና መልሶቹ

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ለአውስቢልዱንግ (ለሙያ ሥልጠና) ወደ በርሊን ሊሄድ ነው። እዚህ ከብሎካችን እስከ ታክሲ መያዣው የሚመላለስበት የኤሌክትሪክ ስኩተር አለው። ከቻይና የመጣ ነው፣ ባትሪው ላይ 36 ቮልት፣ 7.8 አምፒር-ሰዓት ይላል፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። «እዚያ ሄጄ ከምገዛ ይዤው ልሂድ» ብሎ ድርቅ ብሏል። ሻንጣ ውስጥ ይገባለታል? ቢገባስ መንገድ ላይ ያስነዱታል?

መልስ (በርሊን)
ነገሩ ከቦሌ አያልፍም። ቮልቱን በአምፒር-ሰዓቱ አባዙት፦ 36 በ7.8 ሲባዛ 281 ዋት-ሰዓት ገደማ ይመጣል። በመንገደኞች አውሮፕላን ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ ከሆነ በእጅም በሻንጣም አይጫንም። ለዊልቸር የተለየ ደንብ አለ፣ ለስኩተር ግን አይሠራም። ስለዚህ ሻንጣ ማስረከቢያው ላይ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

«ባትሪውን ነቅዬ አካሉን ብቻ ልውሰድ» የሚል ይኖራል። እሱም አያዋጣም፣ ምክንያቱም ዋናው ችግር ወረቀቱ ላይ ነው። ጀርመን ውስጥ ከጁን 15 ቀን 2019 ጀምሮ በሚሠራው ደንብ መሠረት ስኩተር ሕዝብ መንገድ ላይ የሚወጣው አቤኤ የሚባለው የአሠራር ፈቃድ ሲኖረው ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለሞዴሉ ሲሆን አካሉ ላይ የተለጠፈች ወይም የታተመች የፋብሪካ መለያ ላይ ይጻፋል፦ የፈቃዱ ቁጥር፣ የሻሲ ቁጥር፣ እና 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚል ጣሪያ። የወንድምህ ስኩተር 25 ስለሚሄድ ገና ከመነሻው ወድቋል። በአፕ ወደ 20 ዝቅ ማድረግም ፈቃድ አያመጣለትም። በተናጠል አስመርምሮ ማስፈቀድ በሕግ ይቻላል፣ ወጪው ግን ከስኩተሩ ዋጋ ይበልጣል።

የተገላቢጦሹንም ልንገራችሁ፣ ብዙ ልጆች የሚጠመዱበት እሱ ነውና። ፈቃድ ያለውን ስኩተር ገዝተው ፍጥነቱን በአፕ ይከፍቱታል። ያን ጊዜ ፈቃዱ ይሞታል፣ ኢንሹራንሱም አደጋ ሲደርስ ከፍሎ ዞሮ ገንዘቡን ከነጂው ይጠይቃል። ፖሊስ ደግሞ ፍጥነቱን በመሣሪያ መለካት ይችላል።

መልስ (በርሊን፣ ሌላ ሰው)
ኢንሹራንሱ ላይ ልጨምር። መንጃ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ 14 ዓመት ከሞላው ይበቃል። ግን ከኋላ የምትለጠፍ ትንሽ የኢንሹራንስ ታርጋ የግድ ናት። የኢንሹራንሱ ዓመት ማርች 1 ይጀምርና በፌብሩዋሪ ማብቂያ ያበቃል፤ ቀለሟም በየዓመቱ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለች ትዞራለች። ለዚህ ነው ጊዜዋ ያለፈባትን ትራፊኩ ከሩቅ የሚያውቃት። ኦክቶበር ላይ የገዛም ሰው ማርች 1 ላይ አዲስ መለጠፍ አለበት። ከ23 ዓመት በታች ለሆነ ዋጋው ወደድ ይላል። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ተራ ቅጣት ሳይሆን ወንጀል ነው፣ በገንዘብ ወይም እስከ አንድ ዓመት እስር ያስቀጣል። የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ተማሪ እንዲህ ያለ ፋይል ምን እንደሚያመጣ መናገር አይጠበቅብኝም።

መጠጥ ላይም አደራ። ብስክሌት መስሏቸው የሚዘናጉ አሉ፤ ስኩተር ግን የሚዳኘው እንደ መኪና ነው። በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.5 ፕሮሚል (ከሺህ 0.5) ከደረሰ 500 ዩሮ፣ ሁለት የጥፋት ነጥብና የአንድ ወር የመንዳት እገዳ፤ 1.1 ሲደርስ ወንጀል ነው። ከ21 በታች ለሆነ ደግሞ ዜሮ ነው፣ ጠብታም አይፈቀድም። እንቁጣጣሽ አክብሮ ሲመለስ በእግሩ ይሂድ።

ሌላው፦ የብስክሌት መስመር ካለ በእሱ፣ ከሌለ በአስፋልቱ። የእግረኛ መንገድ ክልክል ነው። ሁለት ሰው መጫንም ክልክል ነው፣ ሕፃን ቢሆንም። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት 100 ዩሮና አንድ ነጥብ። ሄልሜት በሕግ ግዴታ ባይሆንም ይግዛ። በርሊን ላይ ደግሞ የከተማዋ ትራንስፖርት ድርጅት ቢቪጂ ከሜይ 2024 ጀምሮ ስኩተር ይዞ ባቡሩም አውቶቡሱም ውስጥ መግባትን ከልክሏል፤ ምክንያቱ የባትሪ እሳት ነው። ግማሹን በኡ-ባን (በምድር ውስጥ ባቡር)፣ ግማሹን በስኩተር ብሎ ያቀደ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

መልስ (ለንደን)
እንግሊዝ የሚመጣ ካለ ይህ ሁሉ አይሠራለትም። የራስህን ስኩተር መንገድ፣ እግረኛ መንገድ፣ ብስክሌት መስመር ላይ መንዳት ክልክል ነው። ሱቁ ግን በነፃነት ይሸጥልሃል፣ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። የሚፈቀደው ባለቤቱ በፈቀደልህ የግል ግቢ ብቻ ነው። ፖሊስ ይወርሰዋል፣ ያለ ኢንሹራንስ በመንዳት 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ይከተላል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው 6 ነጥብ ማለት ፈቃዱን ማጣት ነው፤ በስኩተር ዲሊቨሪ ጀምሬ ቀስ ብዬ መኪና እይዛለሁ ላለ ሰው ትልቅ ኪሳራ። በሙከራ የሚከራዩት ብቻ ሕጋዊ ናቸው፣ ለነሱም ቢያንስ ፕሮቪዥናል (የለማማጅ) መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል።

መልስ (ዱባይ)
እዚህ 16 ዓመትና የአርቲኤ (የዱባይ የመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣን) ፈቃድ። በኢንተርኔት ትምህርቱን ተምረህ ትፈተናለህ፣ ክፍያ የለውም። መንጃ ፈቃድ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። በተፈቀዱት መስመሮች ብቻ፤ ያለ ፈቃድ 200 ድርሃም።

መልስ (ለቡ)
ልጁ እስኪሄድ ድረስ ያለውን ጊዜ ይጠቀምበት። ኮብልስቶን ላይ በ8.5 ኢንች ጎማ መንዳት የቻለ ሰው በርሊን አሮጌ ሰፈሮች ያሉት ድንጋይ ንጣፎች አያስደነግጡትም። ጉልበቱን አጠፍ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ፣ የትራም ሐዲድ ሲያጋጥም በጎን ሳይሆን በቀጥታ አቋርጦ። የጎማውን ንፋስ በየሳምንቱ ይይ፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲመታ ካመናድሪው በሪሙና በድንጋዩ መሃል ተቆንጦ ይበሳል።

ቁልቁለት ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። የፊቱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ሲይዝ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ገና ከቻርጀር ወጥቶ ጢም ያለ ከሆነ ያንን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው ፍሬኑ ይላላል። ቤቱ ከዳገት አናት የሆነ ሰው 90 በመቶ ላይ ይንቀለው፣ የኋላውንም ዲስክ ፍሬን ከመውረዱ በፊት ቆሞ ይሞክረው።

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይተወዋል ማለት ነው። እስኪመለስ እኔ ጋ ይቀመጥ ብላለች እናታችን፤ ባትሪው አይሞትም?

መልስ (ለቡ)
ባዶውን ካስቀመጥከው ይሞታል። ሲጠፋም ቢሆን የውስጥ ሰርኪዩቱ ትንሽ ትንሽ ይጠጣል፤ ቮልቱ ከወሰን በታች ሲወርድ ቻርጀሩ ሊቀበለው እምቢ ይላል። ከ50 እስከ 60 በመቶ ሞልተህ፣ ከቻርጀር ነቅለህ፣ ፀሐይ የማያገኘው ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። በየሁለት ወሩ አብርተህ እይ፣ ከ30 በመቶ ከወረደ መልሰህ ሙላው። በረንዳ ላይ ግን አይሁን፣ የክረምቱ ዝናብ በማጠፊያውና በቻርጀሩ ቀዳዳ ይገባል።