ከጣና ዳር ያመጣሁት አሸዋ ውሃ አላሳልፍ አለ፤ ነገ ጠዋት ማቅረብ አለብኝ

ጠያቂዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳርቻ አሸዋ ተቀብሮ ድንጋይ ሲሆን ነዳጅ ዘይት እንዴት እንደሚያከማች ለክፍል ለማሳየት ከጣና ዳር ያመጣሁትን አሸዋ በግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ሞልቼ ውሃ አፈሰስሁበት። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከጠቅላላው 40 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ውሃው እየዘገየ ሄዶ አሁን ከሥር የሚወጣው ጠብታ ብቻ ነው። እባካችሁ ፈጥናችሁ ድረሱልኝ።

የዓባይ ልጅ፦ ከሥር ያለው ወንፊት ተደፍኖ ይሆናል፤ ቀይሪው።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ በቅድሚያ ባዶ ቦታ መኖሩና ፈሳሽ እንደ ልብ ማለፉ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ልብ በዪ። ቅንጣቶቹ በመጠን እስከተቀራረቡ ድረስ ደቃቅም ሆኑ ሻካራ የባዶ ቦታው ድርሻ እምብዛም አይለያይም፤ የማሳለፍ አቅማቸው ግን የቅንጣቱ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1856 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ፈሳሽ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ ያወጣው አንቺ እንዳዘጋጀሽው ባለ አሸዋ የሞላበት ቱቦ ነው፤ የነዳጅ ባለሙያዎችም እስከ ዛሬ የድንጋይን የማሳለፍ አቅም የሚለኩት በስሙ በተሰየመው መለኪያ ነው። የባሕር ዳርቻ አሸዋ የሚፈለገው ሞገድ ጭቃውን አጥቦ ስለሚወስድለት ሲሆን፣ በቴክሳስ የጋልቬስተን ደሴት ከሥር ካለው ጭቃ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አሸዋው እየጠራ ይሄዳል።

ታንኳ ቀዛፊ፦ ነዳጁ ከወጣ ለዘጌ ጀልባዎች በቅናሽ እንዲሸጥልን ከወዲሁ እናመለክታለን። እስከዚያው ግን ውሃውን አፍልተሽ አቀዝቅዢው፤ የቧንቧ ውሃ የያዘው አየር አረፋ ሆኖ በቅንጣቶቹ መካከል ይሰነቀራል። በደረቅ አሸዋ ላይ ከላይ ማፍሰስም አየሩን አፍኖ ያስቀረዋልና፣ አዲስ አሸዋ ሞልተሽ ውሃውን በቀጭን ጎማ ከሥር ቀስ እያልሽ አስገቢው። በቱቦው ግድግዳ ላይ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ካየሽ አረፋው እርሱ ነው።

አዘዞ፦ ከሁሉ በፊት መነሻው ይስተካከል። ጣና ባሕር አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ድንጋይም በአብዛኛው ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። የባዛልት ስብርባሪ ሲቀበር ወደ ሸክላ አፈርና ዚዮላይት ወደሚባል ማዕድን እየተለወጠ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በኦጋዴን ካሉብ ጋዝ የያዘው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ እኮ እንዲህ በቀላሉ የማይለወጠው ኳርትዝ የተባለው ጠንካራ ማዕድን የበዛበት ነው፤ እዚሁ በዓባይ ሸለቆም ይታያል።

ጠያቂዋ፦ ሐይቅ መሆኑ ምን ያግዳል? በኡጋንዳ አልበርት ሐይቅ አካባቢ ነዳጅ የተገኘው ወንዝና ሐይቅ ባስቀመጡት አሸዋ ውስጥ ነው። ስለ ባዛልቱ ግን ልክ ነዎት፤ በገለጻዬ እጠቅሰዋለሁ። ውሃው እሳት ላይ ነው።

የዓባይ ልጅ፦ ወንፊቱን ቀየርሽው? ካልሆነም አሸዋውን እጠቢውና ይገላገል።

ጡረተኛው፦ እንዳትሞክሪው! ጭቃውን ካጠብሽው የምትለኪው የጣናን አሸዋ ሳይሆን የራስሽን እጥበት ይሆናል። ይልቁን አሸዋው ከተረፈሽ ለሁለት ከፍለሽ አንዱን ብቻ እጠቢና ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን አቁሚ፤ ሞገድ ለአሸዋ የሚሠራለት ሥራ በሁለቱ ፍጥነት ልዩነት ይታያል።

አዘዞ፦ አሸዋውን ያነሣሽው ከየትኛው ዳር እንደሆነ እስካሁን አልነገርሽንም። ጉማራ ወይም ርብ ከሚገቡበት አጠገብ ከሆነ ደለሉ ብዙ ስለሆነ አረፋው ቢወጣም ውሃው መዝገሙ አይቀርም።