መጥፎ ዜና መንገርን ለሕክምና ተማሪዎች በአማርኛ እንዴት ነው የምታስተምሩት?

ጠያቂ (የውስጥ ደዌ መምህር)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ በአንድ የክልል ማስተማሪያ ሆስፒታል አስተምራለሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ባለፈው ወር ከዋርድ ስወጣ አንድ ሲ-ቱ (በሆስፒታል ልምምድ ሁለተኛ ዓመቱ የሆነ) የሕክምና ተማሪ ኮሪደር ላይ ከአንድ ወጣት ጋር ቆሞ አየሁ። ወጣቱ 7 ቁጥር አልጋ ላይ የተኙት እናት ልጅ ነው። ከገጠር ነው ይዟቸው የመጣው። የእናቱን ነጠላ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞታል። ተማሪው «ውጤቱ መጥቷል። የጉበት ካንሰር ነው። ተሰራጭቷል» አለው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ «እሺ ዶክተር። መድኃኒቱ ታዲያ ከየት ነው የሚገዛው?» አለ።

ተማሪው ደነገጠ። ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ይህ ተማሪ ጎበዝ ነው። ልቡም ደግ ነው፤ ከኪሱ ለታካሚ መድኃኒት ሲገዛ አይቼዋለሁ። ስለ ጉበት ካንሰር ከመነሻው እስከ ሕክምናው ብትጠይቁት አንድ ሳያስቀር ይመልሳል። ለልጁም የነገረው እውነቱን ነው። ግን ነገሩ ልጁ ጋ አልደረሰም። «ካንሰር» የሚለውን ቃል ሰማ እንጂ እናቱ እንደማይድኑ ማንም አልነገረውም።

እኔም ብሆን ይህን የተማርኩበት ክፍል የለም። ጤና ጥበቃ በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ትልቅ አጀንዳ አድርጎት ነበር። ሲአርሲ የሚባለውን የዚሁ አጀንዳ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ጠቅሞኛል። ነገር ግን ፊት ለፊቴ የሰው እናት ተኝታ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን መሆን እንዳለበት አልተለማመድኩም።

አሁን 40 ተማሪ አለኝ። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ለአራት ሳምንት። «ስፓይክስ» የሚባለውን ባለ ስድስት ደረጃ የመጥፎ ዜና አነጋገር መመሪያ አነበብኩ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ማለቴ ነው። ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ጸጥ ያለ ቦታ አዘጋጅ ይላል። የእኛ ዋርድ አንድ ክፍል ውስጥ አሥር አልጋ አለው፤ አስታማሚው ደግሞ ከታካሚው ይበልጣል። በሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ታካሚው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ ይላል። እኛ ጋ ከታካሚው በፊት ታላቅ ወንድም በር ላይ ይይዝሃል፤ «ዶክተር፣ አደራ፣ ለእሷ እንዳይነገራት» ይልሃል።

እንዴት ነው የምታስተምሩት? የሞከራችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።

መልስ 1 (ሬዚደንት)፦

ዶክተር፣ ሌክቸር አይስጡ። ያስጫውቷቸው። ስምንት ስምንት ሆነው በአምስት ቡድን ይከፈሉ። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ታካሚ፣ አንዱ «እንዳይነገራት» የሚለው ወንድም ይሁን። ሌሎቹ ይመልከቱ። ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ። ታካሚን አስመስሎ በሚጫወት ሰው ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም፤ ሃዋርድ ባሮውስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮታል። እኛ ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪም) ሳለን የዩኒቨርሲቲው የድራማ ክበብ ልጆች መጥተው ነበር። ሻይና ዳቦ ብቻ ነው የተከፈላቸው። አንዷ አልቅሳ አስለቀሰችን።

ሁሉም በአማርኛ ይሁን፤ ይህን አደራ እላለሁ። ተማሪው በእንግሊዝኛ ነው የሚያስበው፣ ታካሚዋ ግን በራሷ ቋንቋ ነው የታመመችው። «ልቤን ያቃጥለኛል» ብላ እጇን ጨጓራዋ ላይ ታደርጋለች፤ ተማሪው ካርዱ ላይ የደረት ሕመም ብሎ ይጽፋል። እጇን ቢያይ ይገባው ነበር።

ሌላው፣ በኦስኪ (ተማሪው ሲሠራ እየታየ በሚሰጠው የተግባር ፈተና) ይፈተኑበት። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር በሦስተኛው ሳምንት ክፍሉን ባዶ ያደርገዋል። ደግሞ 30 ሰዓት ሳይተኛ የቆመ ኢንተርን የተማረውን ሁሉ እንደሚረሳ አይዘንጉ። እሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

መልስ 2 (ነርስ፣ 19 ዓመት የሠራሁ)፦

እኔ የምለው ትንሽ ይለያል። መጥፎ ዜና መንገርን አገራችን ያውቅበታል። መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው? በሌሊት ሄዶ የሚናገር የለም። ሰውየው እንቅልፍ ይጥገብ ይባላል። ጎረቤት ይጠራል፣ የቅርብ ዘመድ ይፈለጋል፣ ሽማግሌ ይቀድማል። ሲነጋጋ ይኬዳል። የሚነገረው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አጠገቡ አለ። ተማሪዎቹ ሁሉም ይህን ቤታቸው አይተዋል። ዋርድ ሲገቡ ነው የሚረሱት። ከዚያ ጀምሩላቸው። ያ ልጅ ኮሪደር ላይ ብቻውን ነበር። «ከማን ጋር ነው የመጣኸው?» ብሎ የጠየቀው የለም።

ሁለተኛ፣ አንቱታ። የ70 ዓመት አባት «አንተ፣ ዙር፣ ሸሚዝህን አውልቅ» ሲባሉ በየቀኑ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ እኒያ አባት ለዚያ ተማሪ የሆዳቸውን አይነግሩትም።

ሦስተኛ፣ ራውንድ ሲያልቅ እናቶቹ እጄን ይይዙኛል። «ልጄ፣ ምን አሉ?» ይሉኛል። 15 ሰው አልጋቸውን ከቦ፣ ስለ እሳቸው በእንግሊዝኛ ተነጋግሮ፣ አንድ ቃል ሳይነግራቸው ሄዷል። ፊታችሁን ግን ያነባሉ። ከአልጋው ከመራቃችሁ በፊት አንድ ተማሪ የተባለውን በአማርኛ ያስረዳ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መልስ 3 (ከዋሽንግተን አካባቢ)፦

አገር ቤት ተምሬ እዚህ ነው የምሠራው። እዚህ ስመጣ ለአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ የሚያስፈልግ፣ ስቴፕ ቱ ሲኤስ የሚባል በተዋናይ ታካሚ የሚሰጥ ፈተና ነበር። በኮሮና ጊዜ ቆመ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ጭራሽ ቀረ። ለእሱ ስዘጋጅ በር ማንኳኳትን፣ ስሜን መናገርን፣ «ሌላ የሚጠይቁኝ አለ?» ማለትን ለወራት ተለማመድኩ። መጀመሪያ የአፍ ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳላስበው ነው የማደርገው። ስለዚህ ይለመዳል ወንድሜ፣ ተስፋ አትቁረጥ።

ከሁሉም የከበደኝ ዝም ማለት ነው። ነግረህ ስታበቃ አፍህን ዝጋ። እኛ ድንጋጤያችንን በቁጥርና በመድኃኒት ስም እንሸፍናለን። ያ ሰው በዚያች ደቂቃ ምንም አይሰማም።

የቤተሰቡ ነገር እዚህም አለ። አንዲት የአገራችን እናት ነበሩ፤ የሚያክማቸው የሥራ ባልደረባዬ ነበር፣ ያስተረጎመችው ልጃቸው ናት። «ካንሰር» የሚለውን «ትንሽ ቁስል» አለችው። እኔ አማርኛ እንደምሰማ አላወቀችም። እናትየው በኋላ ብቻችንን ስንሆን «ልጄ እንዳትጨነቅ አልነገርኳትም እንጂ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ሁለቱም አንዷ ለሌላዋ ብለው ደብቀው ነበር።

ጠያቂው፦

እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻውን ታሪክ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እንዲህ ላደርግ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ላይ የ7 ቁጥሯን እናት ልጅ ጉዳይ አስጫውታለሁ፣ ማንነታቸው በማይታወቅበት መንገድ። ወንድምየውን እምቢ ከማለት ወይም እሺ ከማለት በፊት ታካሚዋን ራሷን እንጠይቅ። ይህቺን ጥያቄ ጽፌያለሁ፦ «እናቴ፣ ስለ ሕመምዎ የምናገኘውን ሁሉ ለእርስዎ ልንገርዎት? ወይስ ሰምቶ የሚወስንልዎት የቤተሰብ ሰው አለ?» 40ውም ተማሪ በየራሱ አፍ ይበላት፤ ሻካራ ከሆነች እናስተካክላለን።

ሲስተር፣ የመርዶውን ነገር እኔ ከምናገረው እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል። ያሉት የት ነው? ቅርብ ከሆኑ ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ነን።

ነርሷ፦

ሩቅ አይደለሁም፣ በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ። ሐሙስ ተረኛ ስላልሆንኩ እመጣለሁ። ወንበር ግን ያዘጋጁ። ቆሞ መንገርን ሳይሆን ተቀምጦ መንገርን ይልመዱ።