ለእናቴ አክታ ያለው ሳል የትኛውን ሽሮፕ ልስጣት?

የመንደራዋ፦
እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስምንት ቀን ሆናት ስታስል። ጠዋት ጠዋት ወፍራም ነጭ አክታ ይወጣታል፤ ሌሊት ደረቷ ያንኮራኩራል። ትኩሳት የላትም። የደም ግፊት ስላለባት አምሎዲፒን ትወስዳለች። እዚህ ጅማ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሁለት ብልቃጥ ሰጡኝ፤ በአንዱ ላይ ጓይፈኔሲን፣ በሌላው ላይ ዴክስትሮሜቶርፋንና ሱዶኤፌድሪን ተጽፏል። ሁለቱንም አብሬ ልስጣት?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ከሽሮፑ በፊት ዝንጅብል አፍልተሽ በማር አጠጪያት። በማር አገር ተቀምጠን ብልቃጥ እንገዛለን!

ፋርማሲስቱ፦
እህቴ፣ ሁለቱን አብረሽ አትስጫቸው። ጓይፈኔሲን አክታውን አቅጥኖ በቀላሉ እንዲወጣ ለመርዳት ነው። ዴክስትሮሜቶርፋን ደግሞ ሳሉን ያፍናል። አንዱ ውጣ ሲል ሌላው ዝም በል ይላል፤ አክታው ደረት ውስጥ ሊቀር ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሱዶኤፌድሪኑ ነው፤ የአፍንጫ መታፈን ያስታግሳል፣ ግን የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። እሱን ብልቃጥ ተዪው።

ጓይፈኔሲን ለአዋቂ በየ4 ሰዓቱ ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ነው፤ በ24 ሰዓት ከ2400 አይለፍ። በብዙዎቹ ሽሮፖች 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊግራም አለ፤ ያንቺ ስንት እንደሚል አንብቢ። በቡና ማንኪያ አትለኪ፣ አብሮት የሚመጣውን መለኪያ ተጠቀሚ። ተአምር ግን አትጠብቂ፤ ጥቅሙ መጠነኛ ነው። ብሮምሄክሲንም አክታ ያቀጥናል፤ የጨጓራ ቁስለት ካለባቸው ግን ሳትነግሪን አትግዢው።

የቡና ነጋዴው፦
እኔን ያዳነኝ አሞክሳሲሊን ነው። ሦስት ቀን ወስጄ ተውኩት።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ አብዛኛው እንዲህ ያለ ሳል ከቫይረስ ስለሚመጣ አሞክሳሲሊን አይነካውም፤ አንተም ሳይወስዱትም የሚድን ሳል ይዞህ ይሆናል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

የመንደራዋ፣ ግፊታቸው በኢናላፕሪል የሚታከም ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን እጠረጥር ነበር፣ እሱ ደረቅ ሳል ያመጣል። አምሎዲፒን ግን አይደለም። በእንጨት ጭስ ያበስላሉ? ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው ጤና ጣቢያ ወስደሽ አክታቸውን ለቲቢ አስመርምሪ፤ በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም ሕክምናውም በነጻ ነው። ደም ከተቀላቀለበት፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን 2 ሳምንቱን አትጠብቂ።

የመንደራዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለተኛውን ብልቃጥ ልመልስ ብሄድ «የተሸጠ መድኃኒት አይመለስም» አሉኝ፤ ገንዘቤ ቀረ። ጭሱስ እውነት ነው፤ ቡናዋን ራሷ ካልቆላች አይሆንላትም። የ10 ወር ልጄም ማሳል ጀምራለች፤ ከዚያው ሽሮፕ ጥቂት፣ ወይም ማሩን ላቅምሳት?

ፋርማሲስቱ፦
ሁለቱንም አይሆንም! እንዲህ ያለ ሽሮፕ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ጡት ደጋግመሽ አጥቢያት። ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም አልጠባ ካለች ዛሬውኑ ሐኪም ቤት።

ጡረተኛው መምህር፦
የሕፃኗን ነገር አላውቅም ነበር። እኔ ስንቱን የልጅ ልጅ ማር አቅምሻለሁ!