ልጄ ብሬስ አስሮም ጥፍሩን መብላት አልተወም

ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ብረት) አስሯል። ጥፍሩን ግን አሁንም ይበላል፤ ጥፍሩ ሲያልቅ ዙሪያውን ያለውን ቆዳ በፊት ጥርሶቹ ነክሶ ይጎትታል። በዚህ ሰበብ አንዱ የፊት ጥርሱ ላይ የተለጠፈችው ብረት ደጋግማ ትነቀላለች፣ በተነቀለች ቁጥር ደግሞ ሕክምናው ይጓተታል። ሐኪሙ እንደነገረን፣ ጥርስ በብሬስ እየተገፋ ባለበት ጊዜ ይህ ተጨማሪ ጫና የጥርሱን ሥር ሊያሳጥር ይችላል፤ ያጠረ ሥር መልሶ ስለማያድግ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። መራራ የጥፍር ቀለም ቀባንለት፣ ለመደው። ጥፍሩን አሳጥሬ ስቆርጥለት ወደ ቆዳው ዞረ። ቁጣማ ጭራሽ አባሰበት። በተለይ ሲያጠናና ስልክ ሲያይ እጁ ሳይታወቀው አፉ ውስጥ ይገባል። ብሬስ አስሮ እያለ ይህን ልማድ የተወ ልጅ ያላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ የተዋችሁት፣ በእውነት የሠራላችሁ ነገር ምንድን ነው?